«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በሚባልበት ገበያ ውድ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ እንዴት ይገዛል፣ መቼስ ይመለሳል?

በድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያም ሆነ በከዚራ ሱቆች፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወይም ከደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ገዢ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ይሠራል። አንዱ ጽሑፉን እንደ ሕግ ቈጥሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማይክራፎኑ የማይሠራ ስልክ ታቅፎ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ጽሑፉን ንቆ ሳምንት ሙሉ የተጠቀመበትን ዕቃ «ይሞቃል» የሚል ሰበብ ፈጥሮ ሊመልስ ይመጣል። እኔ በሁለቱም ወገን ቆሜ አይቻለሁ፤ በሁለተኛው ወገን የቆምኩበትን ቀን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሚመለስ ዕቃ እንዳይኖር፣ ከኖረም ሳይዋሹና ሳይጣሉ እንዲመለስ የሚረዳ ነው።

አንደኛ፦ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ዕቃውን ለምን እንደፈለጉት ይወስኑ

አሳፋሪ የሆነ መመለስ የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ነው። ስልኩን የፈለጉት የድሮው ስለተበላሸ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ጓደኛዎ ስለያዘው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ከሆነ ያንኑ ጓደኛዎን ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሲገናኙ ስልኩን ለአንድ ሰዓት ይዋሱትና በእጅዎ ይያዙት፤ ይደውሉበት፤ ፀሐይ ላይ አውጥተው ስክሪኑ ይታይ እንደሆነ ይመልከቱ። ለአንድ ቀን ብቻ የሚፈልጉት ዕቃ፣ ለምሳሌ ለሰርግ ካሜራ ወይም ለአንድ ጨዋታ ማያ ትልቅ ስክሪን፣ የሚከራይ እንጂ የሚገዛ አይደለም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ዕቃ ካለ ጉዳዩን ቀድመው ይጨርሱ። አሜሪካ በሚገኙ የአፕል ሱቆች የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ በኋላ አይቀበሉትም፤ ስልኩ በሻንጣ ታሽጎ ድሬዳዋ እስኪደርስ ያ ጊዜ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ የሚገዛልዎ ሰው እዚያው ከፍቶ እንዲሞክረውና ስልኩ ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ ያልተቆለፈ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ «100–240» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ችግር አይፈጥርም፤ ከአሜሪካ የመጣ ስፒከር ወይም ቴሌቪዥን ግን «120» ብቻ ከሚል እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ለዚያም ተጠያቂው ማንም ሳይሆን የሰካው ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ስለ መመለስ ይነጋገሩ

ይህ እርምጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ገዢው «ስለ መመለስ ከጠየቅሁ ያልተማመንኩበት ይመስለዋል» ብሎ ያፍራል። የድሬ ሻጭ ግን በዚህ አይቀየምም፤ እንግዳውንም ሽማግሌውንም «አንተ» እያለ የሚያናግር፣ ፊት ለፊት መነጋገር የለመደ ሰው ነው። እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦

«ይሄ ስልክ ችግር ቢያመጣ እስከ ስንት ቀን ትቀበለኛለህ? ትለውጥልኛለህ ወይስ ብሩን ትመልሳለህ? ምንም ሳይበላሽ ሐሳቤን ብቀይርስ?»

የመጀመሪያው መልስ «አብሽር፣ ችግር የለውም» የሚል ይሆናል። ይህ ደግ ቃል ቢሆንም መልስ አይደለም፤ ፈገግ ብለው በድጋሚ የቀኑን ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥሩ ከተነገረዎ በኋላ ከደረሰኙ ጀርባ «እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ሁኔታ ይመለሳል» ተብሎ እንዲጻፍና እንዲፈረምበት ይጠይቁ። ሻጩ ለብልሽት እንጂ ለሐሳብ መቀየር እንደማይቀበል በግልጽ ከነገረዎና ተስማምተው ከከፈሉ፣ ውል ገብተዋል ማለት ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ መሄድ ያን ውል ማፍረስ ነው።

በዚህ አካባቢ ብዙው ነጋዴ ለዚህ ንግግር ከቅድመ አያቶቹ የወረሰው ቃል አለው፤ «ኺያር» ይባላል። በሸሪዓው የንግድ ደንብ ገዢና ሻጭ ተስማምተው ዕቃውን ለተወሰነ ቀን በምርጫ ማቆየት ይችላሉ፤ በሐረርና በድሬዳዋ በሚከተሉት የሻፊዒ መንገድ ይህ የምርጫ ጊዜ ከሦስት ቀን አያልፍም። ዕቃው ላይ የተደበቀ ነውር ሲገኝ ያለው መብት ግን ከዚህ የተለየና አስቀድሞ ስምምነት የማይፈልግ ነው። ሙስሊም ባይሆኑም «ሦስት ቀን ኺያር ይኑረኝ» ብለው ቢጠይቁ የሚገባው ሻጭ ብዙ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ ተፈቅዶልኛል።

የአገሪቱ ሕግም ልዩነቱን ይዞታል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለ እሱ ይጸናል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሐሳቡን የቀየረውን ገዢ ያቆመው ይሆናል እንጂ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰውን አያቆመውም።

ሦስተኛ፦ ሳጥኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይክፈቱ

«ፓክድ ነው፣ ፕላስቲኩ አልተነካም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳውራል። ፕላስቲክ እንደገና የሚያሽግ ማሽን እንዳለ ማስታወስ ይበቃል። ከሐረር ለመግዛት የወረዱ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ የደንገጎን ዳገት ወጥተው፣ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ሐረር ፈረስ መጋላ ደርሰው የከፈቱት ሳጥን ለሻጩ «መንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት ማን ያውቃል?» የማለት ዕድል ይሰጠዋል። ሲከፍቱ አብሮዎ ያለ ሰው በስልኩ ሳያቋርጥ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ በሳጥኑ ላይ ያለው ተለጣፊ ጽሑፍ በግልጽ ይታይ።

ስልክ ከሆነ *#06# ይደውሉ። የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በሳጥኑ ላይ ከተጻፈውና በደረሰኙ ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብተው የሞዴሉን ቁጥር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ «ኤም» በሚለው ፊደል ከጀመረ በአዲስነቱ ለሽያጭ የቀረበ፣ «ኤፍ» ካለ ታድሶ የተሸጠ፣ «ኤን» ካለ በብልሽት ምትክ የተሰጠ ነው። «ኤፍ» የሆነን ስልክ በታደሰ ስልክ ዋጋ መግዛት ምንም ነውር የለውም፤ ነውሩ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ነው። አይፎን 15ና ከዚያ በኋላ የወጡት ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀና መጀመሪያ ጥቅም ላይ የዋለበትን ጊዜ ጭምር ስለሚያሳዩ «አዲስ ነው» የሚለውን ክርክር በአንድ ደቂቃ ይዘጉታል። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ *#0*# ሲደወል የስክሪን መፈተሻ ይከፈታል፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ገጽ እያፈራረቁ ነጥብ ወይም ጥላ ይፈልጉ።

ከዚያም የራስዎን ሲም አስገብተው ለሰው ይደውሉና ይነጋገሩ። ሁለት ሲም የሚይዙ ከሆነ በሁለቱም ይሞክሩ፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በዚችው በድሬዳዋ ስለሆነ እዚህ ኢትዮ ቴሌኮምንም እሱንም አብሮ የያዘ ሰው ብዙ ነው።

ቴሌቪዥን ሲገዙ ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ብቻ የሆኑ ሦስት ሥዕሎች በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ የሚያሳይዎ ቪዲዮ በአበባና በዓሣ የተሞላ ነው፤ በዚያ ላይ የሞተ፣ ማለትም የማይበራ ነጥብ አይታይም፤ በግራጫው ላይ ግን ያለችዋ ሁሉ ትታያለች። ሲያጓጉዙም ቴሌቪዥኑን ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጫኑት። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ በሰያፍ ገብቶ፣ በደቻቱ ድልድይ አካባቢ አንድ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚሰነጠቅ ስክሪን ማንም ሻጭ አይቀበልም፤ ሊቀበልም አይገባውም። ለፒክአፕ የሚከፈለው ብር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አራተኛ፦ ደረሰኝ ያስቆርጡ

«ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚለው ግብዣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን የሚያስቀር ይመስላል። ከሕጉ ውጭ መሆኑን ትተን በገዢ ዓይን ብቻ ብናየው እንኳ፣ በዚያች ቅናሽ የሸጡት ነገር ዕቃውን ከዚያ ሱቅ መግዛትዎን የሚያስረዳልዎን ብቸኛ ወረቀት ነው። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም «ሞባይል» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ፣ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ይጻፍበት። በባንክ ወይም በቴሌብር ከከፈሉ የመልእክቱን ምስል ያስቀምጡ። የሙቀት ማተሚያ ወረቀት በድሬ ሙቀት ጥቂት ወራት ኪስ ውስጥ ከቆየ ጽሑፉ ስለሚጠፋ በዕለቱ ፎቶ ያንሡት።

አምስተኛ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕቃውን በርትተው ይሞክሩት፣ ግን እንደ ሰው ዕቃ ይያዙት

ብዙ ሰው አዲስ ስልክ ሲገዛ አንድ ሳምንት በጨርቅ ጠቅልሎ ይሳሳለታል፤ ጉድለቱ የሚታየው 15ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም ነገር ይሞክሩ፦ ካሜራውን በጨለማ፣ ዋይፋዩን፣ ብሉቱዙን፣ የጣት አሻራውን፣ ረዥም ጥሪ፣ ከዜሮ እስከ መቶ ቻርጅ። ሳጥኑን፣ ፎሙንና የተቀደደውን ፕላስቲክ ሳይቀር ያስቀምጡ፤ የልጆች መጫወቻ አይሁን። የስክሪኑን መከላከያ ላስቲክ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ አያንሡት።

የከተማውን ሙቀት ከዕቃው ጉድለት ለይተው ይወቁ። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የአየር ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ያሳስባል፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀን ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ መሙላት ቢያቆም ወይም «ይቀዝቅዝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ ራሱን እየጠበቀ ነው። ማታ በረንዳ ላይ፣ ከሽፋኑ አውጥተው ይሞክሩት፤ ያኔም እሳት ከሆነ ወደ ሻጩ ይሂዱ። ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ደግሞ ያለ ስታብላይዘር ተሰክተው መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢቃጠሉ፣ «መጀመሪያውኑ የተበላሸ ነበር» ማለት ሐሰት ነው።

ስድስተኛ፦ ለመመለስ ሲያስቡ ምክንያቱን በእውነተኛ ስሙ ይጥሩት

ምክንያቶቹ ከአራት አያልፉም። ዕቃው ጉድለት አለበት፤ ዕቃው ከተባለው የተለየ ነው፤ እኔ ጎዳሁት፤ ወይም ሐሳቤን ቀየርሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መብት ናቸው፤ ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ፣ ሳያፍሩም ይጠይቁ። ሦስተኛው የጥገና ጉዳይ ነው። አራተኛው ግን ልመና ነው፤ በመብት ቋንቋ ሲቀርብ ነው ውሸት የሚሆነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ወንድሜ ሐረር ላይ ሲያገባ ከድሬ አንድ ጥሩ ካሜራ ገዛሁ። ሻጩ በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም «ሐጂ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ሰርጉ በሰላም አለቀ፤ ካሜራውም ዋጋው ከኪሴ በላይ እንደነበር ተሰማኝ። በስድስተኛው ቀን ጠርጌ፣ ገመዱን እንደነበረ ጠቅልዬ፣ የማስታወሻ ካርዱን አውጥቼ ሱቃቸው ሄድኩና «ሐጂ፣ ትንሽ ይሞቃል፤ ብዙም አልተጠቀምኩበትም» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። ከመሳቢያ የራሳቸውን ካርድ አውጥተው አስገቡ፤ ካሜራውን ወደ በሩ አዙረው የሚያልፍ ባጃጅ አነሡ፤ ከዚያም ስክሪኑን ወደኔ መለሱት። ከባጃጁ ሥር የፎቶው ቁጥር 847 ይላል። ብዙ ካሜራዎች ካርዱ ቢቀየርም ከቆሙበት ቁጥር እንደሚቀጥሉ አላወቅሁም ነበር።

«ሙሽሪት እንዴት ነበረች?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ለሰርግ ነው ብትለኝ አከራይህ ነበር» ብለው ካሜራውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። በኋላ «ያገለገለ» ብዬ ሳወጣው ከገዛሁበት ሩብ ያህል ቀንሶ ነው የተሸጠው። ሐጂ ላይ ልጭነው የነበረው ዕዳ ያ ሩብ ነበር፤ የተከፈተን ሳጥን እሳቸውም ቢሆኑ በአዲስ ዋጋ መሸጥ የሚችሉት ቀጣዩን ገዢ ዋሽተው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሳብዎን ከቀየሩ እንዲህ ይበሉ፦ «ዕቃው ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሚጎድልብህን ቀንሰህ ብትቀበለኝ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነ በሌላ ዕቃ ለውጥልኝ።» እውነት የተነገረው ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ ያለ ምክንያት የሚመለስበት 14 ቀን ቢሰጥም፣ ገዢው የዕቃውን ምንነት ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ ከተጠቀመበት ሻጩ በዚያ ልክ ዋጋ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። መለኪያው ለእኛም ይሠራል፦ ሱቅ ውስጥ ቆመው ሊያደርጉት የማይችሉትን ነገር አድርገውበት ከሆነ፣ ተጠቅመውበታል ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ መብትዎ ሆኖ ሳለ ሻጩ እምቢ ካለ

በመጀመሪያ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይሂዱ፤ በሰው ፊት የተጠየቀ ነጋዴ ለክብሩ ሲል ይደርቃል። ጉድለቱን ራሱ ዕቃው እንዲያሳይ ያድርጉ፤ «ድምፅ አይሰማም» ከማለት ደውለው ያሰሙት። ካልሆነ የዚያው ገበያ ሰው የሚሰማውን አንድ ነጋዴ ለሽምግልና ይጥሩ፤ በእኔ ልምድ ከአሥር ጉዳይ ዘጠኙ እዚህ ያልቃል። ያላለቀውን ደረሰኙን፣ የሳጥኑን ቪዲዮና የክፍያውን ማስረጃ ይዘው ለከተማው ንግድ ቢሮ በጽሑፍ ያመልክቱ። ሽምግልናው ሲጓተት 15ቱ ቀናት እንዳያልፉ፣ ጥያቄዎን አስቀድመው ለሻጩ በስልክ መልእክት ጽፈው ይላኩ፤ ቀኑ እዚያ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።

ስምንተኛ፦ ሲያስረክቡ

ቻርጀሩን፣ ገመዱን፣ የሲም መክፈቻዋን መርፌ ሳይቀር ቆጥረው ያስረክቡ። ከዚያ በፊት ሲሙንና ካርዱን ያውጡ፤ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎችን ያጥፉ፤ ከጉግል ወይም ከአፕል መለያዎ ይውጡ። በተለይ አይፎን ላይ መለያው ሳይወጣ ከተመለሰ ስልኩ ለሚቀጥለው ሰው የተቆለፈ ድንጋይ ነው፤ ሻጩም ሌሊት ቢሆን ይደውልልዎታል። ገንዘቡን ተቀብለው የቀድሞው ደረሰኝ መሰረዙን ይመልከቱ። በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ሻጩ እያየ ይስጡ፤ ስልኩ ጠፍቶ ተነሥቶ ያን የመጀመሪያ ቀን ያሳየዎትን «ሄሎ» የሚለውን ገጽ ሲያሳይ ወደ ሳጥኑ ይመልሱት።